መጋረጃው ላይ የተረጨውና ሶፋው ላይ የተሸናው አንድ አይደሉም

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለት ወንድ ድመቶች አሉን፤ ትልቁ ሦስት ዓመቱ፣ ትንሹ ዘጠኝ ወሩ። ሁለቱም አልተኮላሹም። እስከ ቅርብ ጊዜ ተቃቅፈው ነበር የሚተኙት። አሁን ግን ቀን ከሌት ይናከሳሉ። የበረንዳው በር መጋረጃ፣ የሳሎኑ ጥግ፣ ሶፋው፣ የልጆቹ ፍራሽ ሳይቀር ሽንት በሽንት ሆኗል። በበረኪና አጠብኩት፣ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ዕጣን አጨስኩ፣ ትንሹን ሶፋው ላይ ሲሸና ይዤው አፍንጫውን አሻሸሁት፤ ለውጥ የለም። የሚሸኑበት ሳፋ መታጠቢያ ቤት አለ፤ አሸዋው በየሦስት ቀኑ ይቀየራል። ምን ዓይነት ማጽጃ ልግዛ? ወይስ ትንሹን ለሰው ልስጠው?»

ምላሽ፦ መጀመሪያ በረኪናውን ያስቀምጡ። ሽንት ሲቆይ በውስጡ ያለው ዩሪያ በባክቴሪያ እየፈረሰ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል፣ ዓይን የሚያቃጥልና ጉሮሮ የሚያንቅ ጋዝ ይወጣል። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መስኮት ተዘግቶ፣ አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ባለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አቼቶና ሎሚም ከበረኪና ጋር አይገናኙም፤ አሲድ ሲነካው የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ደግሞ ይህን ሁሉ ተሸክመው የሚያገኙት ጥቅም ትንሽ ነው። በረኪና ጨርቁን ያነጣዋል እንጂ ስፖንጁ ውስጥ የሰረገውን አይደርስበትም፤ ብዙ ድመቶችን ደግሞ ሽታው ራሱ ስለሚስባቸው ያጠቡት ቦታ ላይ ተመልሰው ይሸናሉ። ዴቶልም፣ ውኃ ሲነካቸው እንደ ወተት የሚነጡት ሌሎች ማጽጃዎችም ይቅሩ። የድመት ጉበት በውስጣቸው ያሉትን ፌኖል ነክ ኬሚካሎች የማስወገድ አቅሙ ደካማ ነው፤ መዳፉን አስነክቶ ሲልሰው ይመረዛል። ዕጣኑ ለእናንተ አፍንጫ ነው። ድመቱ ከሥሩ ያለውን ጠረኑን አይስተውም።

ሁለተኛው እርማት አፍንጫ ማሻሸቱን ይመለከታል። ድመት በቂም ሶፋ ላይ አይሸናም። አፍንጫው ሲሻሽ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እርስዎ ባሉበት መሽናት አደገኛ መሆኑን። ከዚያ በኋላ ከአልጋ ሥርና ከቁም ሳጥን ጀርባ ይፈልጋል፤ የፈራ ድመት ደግሞ ከቤት ጓደኛው ጋር ያለው ጠብ ይብስበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እርስዎ «ሽንት» ብለው በአንድ የጠሩት ሁለት የተለያየ ድርጊት ነው። መጋረጃውና የሳሎኑ ጥግ ላይ ያለው መርጨት ነው፦ ድመቱ ቆሞ፣ ጀርባውን ወደ ቆመ ነገር አዙሮ፣ ጅራቱን ወደ ላይ አቁሞ ጫፉን እያንቀጠቀጠ ጥቂት ይረጫል። ይህ «ሰፈሩ የኔ ነው» የሚል ምልክት እንጂ ፊኛን ማስተንፈስ አይደለም። ሶፋውና ፍራሹ ላይ ያለው ግን ቁጢጥ ብሎ የተሸና፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ የተዘረጋ፣ መጠኑም ብዙ ነው፤ ይህን የሚያደርገው ድመት ሽንቱ መጥቶበት ሳፋው ጋ መድረስ ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ነው። ከገለጻዎ ስነሣ የሚረጨው ትልቁ፣ ሶፋው ላይ የሚሸናው ትንሹ ይመስለኛል፤ ለየብቻ ክፍል ሲያደርጓቸው ይለይለታል። አንድ ማጽጃና አንድ ቅጣት ለሁለቱም ያልሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ሶፋው ላይ የሚሸናው በመጀመሪያ ሐኪም ይየው። የፊኛ መቆጣት፣ ጠጠር፣ በዕድሜ በገፉት ላይ ደግሞ ስኳርና የኩላሊት ድካም ሁሉም የሚታዩት «ቦታ ሳተ» በሚል መልክ ነው። ሳፋው ላይ ሲቀመጥ ካመመው፣ ሕመሙን ከሳፋው ጋር ያያይዘውና ለስላሳ ነገር ይፈልጋል። ሶፋና ፍራሽ የሚመረጡት አንዱ በዚህ ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱ ቀጠሮ አይሰጥም፦ ወንድ ድመት ደጋግሞ ቁጢጥ እያለ፣ እያማጠና እየጮኸ ጠብታ ብቻ ወይም ምንም ካልወጣው፣ ብልቱን አጥብቆ ከላሰ ወይም ካስመለሰው፣ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ያልተከፈተለት ድመት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ። ሽንቱ ወደ ቀይ ወይም ቡና ዓይነት ካደላም ይጠየቅ። እዚህ ላይ ስለ ምግብ አንድ ነገር ልጨምር። የወጥ ትራፊ የሚበላ ድመት ሽንኩርት ይበላል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ ሽንቱንም ያጠቁራሉ። ለሕመሙ ብለው ደግሞ ፓራሲታሞል እንዳይሰጡት። አንዲት ፍሬ ድመት ትገድላለች።

ጠቡስ ከየት መጣ? ትንሹ ዘጠኝ ወር ሞልቶታል። ወንድ ድመት ከአምስት ስድስት ወሩ ጀምሮ ለአካለ መጠን ይደርሳል፤ ትላንት ግልገል ብሎ ያቀፈው ትልቁ ዛሬ ተፎካካሪ ነው የሚያየው። በዚህ ላይ የሚረጨው የበረንዳው በር ጋ መሆኑ የሚነግረን ነገር አለ። ከውጭ ሌላ ድመት ይታየዋል፣ ወይም በበሩ ሥር ይሸተዋል። በመስታወት የሚያየውን ጠላት መድረስ ያቃተው ድመት ንዴቱን አጠገቡ ባለው ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ የጎሪጥ መተያየት ይጀምራሉ። የበሩን መስታወት የታችኛውን ግማሽ በወረቀት ወይም በማያሳይ ላስቲክ ይሸፍኑት፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ይድፈኑት፣ ለሰፈር ድመት ተብሎ ደረጃው ላይ የሚቀመጠው ትራፊም ይቅር።

ይህ ሁሉ ግን ሁለቱ ሳይኮላሹ ብዙ አይፈይድም። ወንድ ድመት ከተኮላሸ በኋላ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ መርጨቱን ያቆማል ወይም በጣም ይቀንሳል፤ ሽታውም ይለዝባል። ቀዶ ጥገናው አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚፈታ ስፌት እንኳ የለውም። ሁለቱን በአንድ ቀን ይውሰዷቸው። አንዱ ብቻ ሄዶ የክሊኒክ ሽታ ይዞ ሲመለስ ቤት የቀረው «ይህ ማነው?» ብሎ ይዘልበታል፤ ደህና የሚዋደዱ ድመቶች እንኳ በዚህ ሰበብ ይጣላሉ። በዚያው ቀን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸውን ያስወጉ። ቁስሉ እስኪደርቅ ሳፋቸው ውስጥ አሸዋና ሰጋቱራ ሳይሆን የተቀደደ ጋዜጣ ይሁን፤ ብናኝ ቁስሉ ላይ ይጣበቃል። ለውጡን በማግሥቱ አይጠብቁ። በብዙዎቹ በሳምንታት ይታያል፣ ጥቂቶቹ ላይ ወራት ይወስዳል፤ መርጨት ልማድ የሆነበት ድመት ይበልጥ ይዘገያል። «አንድ ዓመት እንጠብቅ» የሚባለው ምክር ለዚህ ቤት የማይሆነው በዚህ ነው።

ሳፋው። ለሁለት ድመት ሦስት ያስፈልጋል፤ በድመቱ ቁጥር ላይ አንድ ይጨመራል። ይህ ቅንጦት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ግን የእርስዎን ቤት ልብ ይበሉ። አንዱ ሳፋ ያለው መታጠቢያ ቤት ነው፣ መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ አንድ በር ብቻ ነው ያለው። ትልቁ ኮሪደሩ ላይ ተጋድሞ ቢያንቀላፋ እንኳ ለትንሹ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። መናከስም አያስፈልገውም፣ ማፍጠጥ ይበቃዋል። ስለዚህ አንዱ ሳፋ ሳሎን ጥግ፣ አንዱ መኝታ ቤት ይግባ፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሦስት ሳፋዎች ለድመት አንድ ናቸው። የልብስ ማጠቢያ ሰፊ ሳፋ ጥሩ ነው፤ ርዝመቱ ድመቱ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ መነሻ ያለውን ርዝመት አንድ ተኩል ጊዜ ይሁን፣ ክዳን አይኑረው። አሸዋው ከአምስት እስከ ሰባት ሳንቲ ሜትር ይጥለቅ፤ ጥሩ መዓዛ የተጨመረበት አይሁን። ሰጋቱራ የሚጠቀሙ ከሆነ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ያልነካው እንጨት ይሁን። በየሦስት ቀኑ መቀየር አይበቃም፦ እርጥቡና ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ይነሣ፣ ሙሉው በሳምንት ይገልበጥ፣ ሳፋው በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ቶክሶፕላዝማ በሚባል፣ በድመት ዓይነ ምድር በሚተላለፍና ፅንስን በሚጎዳ ተውሳክ ምክንያት ይህን ሥራ ለሌላ ትተወው።

አሁን ማጽጃው። የድመት ሽንት ከውሻ ይልቅ የሚከፋው ፌሊኒን የተባለ፣ ድኝ ያዘለ አሚኖ አሲድ ስላለው ነው። ፌሊኒን ትኩሱን አይሸትም፤ ከወጣ በኋላ በሰዓታትና በቀናት እየተበታተነ ድኝ ያላቸው በናኝ ውሕዶችን ይለቃል፣ ያ ነው አፍንጫ የሚሰረስረው። ያልተኮላሸ ወንድ ከሌሎች ሁሉ የበለጠ ያመነጨዋል። ደርቆ የቀረው ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ እንደገና ይሸታል፤ በበጋ ጠፋ ያሉት በሐምሌ የሚመለሰው ለዚህ ነው። እንግዲህ ማጽጃው ሁለት ነገር ማድረግ አለበት፦ ፕሮቲኑን መፍታት፣ የድኙን ውሕድ ደግሞ ኦክሳይድ ማድረግ፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር አዋሕዶ ሽታውን ማጥፋት። ሳሙና ሁለተኛውን አያደርግም።

መጀመሪያ ቦታውን ሁሉ ይፈልጉ። ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት አልትራቫዮሌት ባትሪ ይበቃል። ማታ መብራት አጥፍተው ወለሉን፣ የግድግዳውን ሥርና የሶፋውን ጀርባ ሲያበሩበት ሽንት የነካው ፈዛዛ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ በጠመኔ ይክበቡት። የልብስ ሳሙና ቅሪትም ያበራል፣ እሱ ግን ወደ ሰማያዊ ነጭ ያደላል። ለማረጋገጥ ጠጋ ብሎ ማሽተት ነው፤ ሌላ መላ የለውም።

ትኩስ ሽንት ከሆነ አይፈተግ። ደረቅ ጨርቅ ደራርበው በላዩ ይቁሙበትና ይምጠጥ፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ፣ እንደገና ማስመጠጥ። ሙቅ ውኃ፣ ካውያና የእንፋሎት ማሽን ፕሮቲኑን ጨርቁ ላይ ያበስሉታልና አይነኩ። ለድመት ሽንት ተብሎ የተሠራ የኢንዛይም (ፕሮቲን የሚፈታ ንጥረ ነገር ያለው) ማጽጃ ከውጭ የሚያመጣልዎ ሰው ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ ማሸጊያው ላይ «ኢንዛይም» የሚል የልብስ ዱቄት ሳሙና ይፈልጉ፤ አንድ እጅ ዱቄት በዘጠኝ እጅ ለብ ያለ ውኃ በጥብጠው ያርሱት። ኢንዛይም ጊዜ ይፈልጋል፤ ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ዋጋ የለውም። ላስቲክ አልብሰውት ሌሊቱን ይደር፣ ጠዋት በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ይመጠጥና ይድረቅ።

ስለ መጠን ሁሉም ሰው ይሳሳታል። የአንድ አዋቂ ድመት ሽንት ግማሽ የቡና ሲኒ ገደማ ነው፤ ስፖንጅ ውስጥ ሲገባ ግን ላይ ከሚታየው ክብ ይልቅ ሰፍቶ ይዘረጋል። ማጽጃውም ሽንቱ የደረሰበት ድረስ መድረስ አለበት። የሶፋውን ልብስ ገልጠው ስፖንጁን ለብቻው ያርሱት፣ ከሚታየው እድፍ እጥፍ ስፋት ይሸፍኑ።

ከደረቀ በኋላ የቀረውን ሽታ የሚነሣው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ፋርማሲ 3 በመቶውን ይግዙ። ለሩብ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ወዲያው ያፍስሱት፤ አረፋ ሲደፍቅ ሥራ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ በውኃ ይታጠብና ይመጠጥ። ፀጉር ቤት የሚጠቀሙበት ባለ 20 ቮልዩም ፐርኦክሳይድ 6 በመቶ ስለሆነ በእኩል ውኃ ይቅጠን፤ 40 ቮልዩሙ ቆዳ ያቃጥላል፣ አይንኩት። የተበጠበጠውን ጠርሙስ ውስጥ ዘግተው እንዳያስቀምጡ፣ ጋዙ ያፈነዳዋል። ከአቼቶም ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ አይቀላቀል። ፐርኦክሳይድ ቀለም ይለቃል፤ ከሶፋው ሥር የማይታይ ቦታ ላይ ሞክረው አሥር ደቂቃ ይዩት። ሱፍና ሐር ላይ ጨርሶ አይደረግም። ጓንት ያድርጉ፤ ድመቶቹም እስኪደርቅ አይግቡ።

መጋረጃው ቀላል ነው፦ በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፍዘፍ፣ በኢንዛይም ዱቄቱ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ካውያ አያግኘው። ግድግዳው ዘይት ቀለም ከተቀባ በዚያው የዱቄት ውኃ ታጥቦ፣ ሲደርቅ በአልኮል ይወልወል፤ ያኔ የቡና ከሰል ክፍሉ ውስጥ አይኑር፣ አልኮል ይቀጣጠላል። ውኃ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ጠረኑን ይመጥጠዋል፤ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ እንደገና መቀባቱ አይቀርም። የሴራሚክ ወለል ራሱ አይመጥጥም፣ በመካከሉ ያለው የሲሚንቶ መገጣጠሚያ ግን ይመጥጣል፤ እዚያ ፐርኦክሳይዱን ደጋግመው ያፍሱ። ያበጠ የኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ) የዕቃ እግር የሚመለስ አይደለም። ደጋግሞ የተሸናበት የስፖንጅ ፍራሽም እንደዚያው፤ ሁለት ዙር አጥበውት ከደረቀ በኋላ አሁንም ከሸተተ ገንዘብዎን በማጽጃ አይጨርሱ፣ ይጣል። አዲሱን ፍራሽ ውኃ በማያሳልፍ ላስቲክ ያልብሱት፣ ለጥቂት ወራትም የልጆቹ ክፍል በር ይዘጋ።

ድመቶቹን ዛሬውኑ ይለያዩዋቸው። «ይደባደቡና ይታረቃሉ» የሚባለው ለልጆች ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ድመት ላይ አይሠራም። እያንዳንዱ ጠብ ቀጣዩን ያቀርበዋል። አንዱ መኝታ ቤት አንዱ ሳሎን ይሁን፣ ለየራሳቸው ሳፋ፣ ምግብ፣ ውኃና መደበቂያ ካርቶን ይኑራቸው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ምንም አይሞከር። ከዚያ ምግባቸውን በተዘጋው በር በሁለቱም ወገን፣ ከበሩ አንድ ሜትር ርቆ ያስቀምጡ፤ ተረጋግተው ሲበሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ በሩ ያስጠጉት። ንጹሕ ካልሲ ወስደው የአንዱን ጉንጭ ያሻሹና ከሌላው ምግብ ሥር ያንጥፉት፤ የጉንጭ ጠረን ለድመት የሰላም ጠረን ነው። በቀን አንድ ሰዓት ክፍል ያቀያይሯቸው። ይህ ፍፍ ሳይባባሉ ካለፈ በሩን ጣት በሚያህል ብቻ ከፍተው በወንበር ያግዱት፣ ሁለቱም እየበሉ አምስት ደቂቃ ይተያዩና ይዘጋ። የሚዘጋው ሰላም እያሉ ነው፤ እስኪጣሉ አይጠበቅም። አንዱ ደርቆ ካፈጠጠ፣ ጆሮውን ካስተኛ ወይም ጅራቱን እንደ ጅራፍ ካወናጨፈ ፈጥነዋል ማለት ነው፣ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። ከሦስት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ይፈጃል፤ የሚያበላሸው ሁልጊዜ ችኮላ ነው።

ሲናከሱ በመካከል እጅ አይገባም። ሰፊ ካርቶን ወይም የሶፋ ትራስ በመሃላቸው ይክተቱና አንዱን ወደ ክፍሉ ይንዱት። የተነከሰውን ድመት ቆዳ ለጥቂት ቀናት ይዳብሱ፤ የድመት ጥርስ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ባክቴሪያውን ከሥር ይቀብራል፣ ላዩ ተዘግቶ ውስጡ መግል ይቋጥራል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይኬድ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ እጅ ላይ የደረሰ የድመት ንክሻ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ሊያብጥ ይችላል።

ትንሹን ለሰው መስጠት አሁን መልስ አይደለም። ትንሹ ቢሄድም ያልተኮላሸው ትልቁ በረንዳው ጋ መርጨቱን ይቀጥላል፤ ትንሹም በሄደበት ቤት መርጨት ሊጀምር ይችላል። ምክሬ የማያሻማ ነው፦ ዛሬ ይለዩ፣ በዚህ ሳምንት ሁለቱም ይመርመሩና ይኮላሹ፣ ማጽዳቱ ክሊኒክ በሚውሉበት ቀን ይጀመር። ከተኮላሹ ሦስት ወር አልፎ አሁንም የሚረጭ ካለ ሐኪሙን ፍሉኦክሴቲን ስለሚባለው የጭንቀት መድኃኒት ይጠይቁ። ለዚህ ይሠራል፤ ግን ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት ይፈልጋል፣ መጠኑም በክብደት ስለሚሰላ ከሰው ክኒን ቆርሶ መስጠት የለም። ቀስ ብሎ የማስተዋወቁን ሥራ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምረው ሁለቱም ጊዜ ደም ካፋሰሱ፣ ያኔ አንዱን መስጠት ተገቢ ነው። የሚሰጠውም ሌላ ድመት ለሌለው ቤት ነው፤ ለሚወስደው ሰው ሶፋ ላይ ይሸና እንደነበር ሳይደብቁ ይንገሩት።